የኤዶ ሀሊማ ድመቶች

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራው ወጣት ሐኪም የአንዲት ደንበኛ ድመት ስትይዝ አውራ ጣቷን ተነከሰች። ደሙ እንኳ በወጉ አልወጣም። እጇን በጋዋኗ ጠረግ አድርጋ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስትል ክንዷን ይዤ ወደ ቧንቧው ወሰድኳት። ሳሙና እየቀባሁ ጣቷን ውኃው ሥር ይዤ ቆየሁ። «ኧረ ዶክተር፣ ጭረት እኮ ነው!» እያለች ትስቃለች። እውነቷን ነው፤ ድመቷ የተከተበች ናት፣ ባለቤቷም የክትባት ካርዱን ይዛ አጠገባችን ቆማለች። እኔ ግን አልለቅ አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመች። «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሻይ ይዘን በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ የሆነውን ነገርኳት።

ያኔ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ጅግጅጋ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፤ አባቴ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከተማችን ተረብሻ ብዙ ሰው ያገኘውን አንጠልጥሎ ወጥቷል። ከፊሉ ነገሩ ሲረጋጋ ተመለሰ፣ ከፊሉ በሄደበት ቀረ። እኛ ከተመለሱት ነን። በየሰፈሩ ግን በራቸው በሰንሰለት እንደታሰረ የቀሩ ቤቶች ነበሩ። ሰው በጥድፊያ ሲሄድ ፍራሽ ይጭናል፣ ቴሌቪዥን ይጭናል፤ ድመት የሚጭን የለም። የሰፈሩ ድመቶች ጥቂት ቀን በተዘጋው በር ፊት ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ወደሚበላበት ይሄዳሉ። የት እንደሄዱ አስቤም አላውቅም ነበር።

የምሠራበት ክሊኒክ የዶክተር ሙስጠፌ ነው። በሥራው የሸመገለ፣ ግመል በዓይኑ አይቶ በሽታውን የሚናገር ሰው። ደንበኞቻችን ከብት ነጋዴዎችና አርብቶ አደሮች ናቸው፤ የምናክመው ግመል፣ ፍየልና በግ፣ አልፎ አልፎም አህያ ነው። ጉ የምንለው የበልግ ዝናብ መጣል በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ማለዳ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የሆነ ሰው ገባ። ዘከሪያ ይባላል፤ በቀብሪበያ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ረጅም ጎልማሳ ነው።

«እናቴ ቤት ድመቶች እየሞቱ ነው» አለ።

ዶክተር ሙስጠፌ ሳቀ። «ድመት ሞቶ መንገድ ላይ አይተህ አታውቅም? ሌላ ይመጣላታል በላት።»

ዘከሪያ አልሳቀም። «ዶክተር፣ እናቴ ምግብ መብላት አቁማለች። እህቶቼ በሽታውን ፈርተው ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ትተዋል። ጎረቤት በየቀኑ በራችንን ይደበድባል። የምለምንህ ለድመት ብዬ አይደለም።»

ሙስጠፌ ወደ እኔ ዞሮ በአገጩ አመለከተኝ። ጀማሪ ነበርኩና ግመልን የማይነካ ሥራ ሁሉ የኔ ነው።

ግቢው ከገበያው ጀርባ ነው። የዘከሪያ አባት በሕይወት ሳለ የጨርቅ ንግድ ስለነበረው፣ ከመኖሪያ ቤቱ ሌላ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘንና አንዲት ትንሽ ዕቃ ቤት አለ። በሩ ገና ሳይከፈት ሽታው ተቀበለን። የድመት ሽንት በተዘጋ ቤት ሲጠራቀም ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠቅልዬ ገባሁ።

ዓይኔ ከጨለማው ጋር እስኪላመድ ድረስ የሰማሁት ማስነጠስ ብቻ ነው። ከመደርደሪያው፣ ከጣቃ ጨርቁ ላይ፣ ከተገለበጠው ሳጥን ውስጥ፣ ከየአቅጣጫው ትንንሽ ማስነጠስ። ከዚያ አየኋቸው። መጋዘኑ ሞልቷል። ዓይናቸው በመግል ተጣብቆ ማየት ያቃታቸው አሉ። ጆሯቸውና አፍንጫቸው ላይ ጸጉራቸው በክብ በክብ የረገፈ አሉ። በአንዱ ጥግ ግልገሎች ጆንያ ላይ ተኝተዋል፤ አንዳንዶቹ የውኃው ሳህን ላይ አንገታቸውን ደፍተው መጠጣት ግን አቅቷቸዋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሥራቸው አለ። ሁለቱ ከሞቱ ቆይተዋል።

በመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ ወደ ስልሳዎቹ የምትጠጋ ሴት ርጥብ ጨርቅ ይዛ ተቀምጣለች። ጋርባሳሯን፣ ሰፊውን የትከሻ ልብስ፣ ወደ ኋላ ጥላ የአንዱን ግልገል ዓይን ትጠርጋለች። ኤዶ ሀሊማ ናት። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛም የሰፈር ልጆች ትልልቅ ሴቶችን እንደዚያ ነው የምንጠራው።

«መጣሽልኝ ሆዮ?» አለችኝ፣ በሚገባ በምትችለው፣ ረጋ ባለ አማርኛ። የሶማሊ እናት ልጇን መልሳ «እናቴ» ብላ ትጠራለች፤ ሆዮ ማለት ያ ነው። «እዪልኝ እስቲ። እነዚህ ትናንት ሲጫወቱ ነበር።»

ያየሁትን ነገርኳት። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት በሽታ አለ አልኳት። አንደኛው እንደ ጉንፋን ያለ ነው፣ በማስነጠስ ይተላለፋል፣ ዓይንና አፍ ያቆስላል። ሁለተኛው ጭርት ነው፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ሦስተኛው ግልገሎቹን በተቅማጥና በትውከት የሚጨርሰው ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ሰውነታቸው እስኪታገለው ውኃ እየሰጡ መጠበቅ ብቻ ነው። ቫይረሱ ወለሉ ላይ፣ ሳህኑ ላይ፣ በሷም ጫማ ላይ ለወራት ይቆያል። እንዲህ ታጭቀው እስከኖሩ ድረስ አንዱን ባድነው ሌላው መልሶ ያስይዘዋል።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልበትናቸው?»

«አይ። እንለያያቸው። አዲስ ድመት ደግሞ አያስገቡ።»

«በር ላይ መጥቶ የሚጮኸውንስ?»

«አያስገቡ» ብቻ አልኩ።

በማግሥቱ ጀምረን ሠራን። ዘከሪያ ሥራውን እያቆመ ጆንያ ጆንያ ቆሻሻ አወጣ። መስኮቶቹን ከፈትን፣ በሽቦ ወንፊት ሸፈንናቸው። ወለሉን በበረኪና አጠብን። የጅግጅጋ ንፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መጋዘን ውስጥ ሲያልፍ ድመቶቹ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አሸተቱት። ጤነኞቹን መጋዘኑ ውስጥ ተውን፤ ተቅማጥ ያለባቸው በረንዳው ላይ በጣውላ ተከለሉ፤ አፋቸው ቆስሎ ምራቃቸው የሚወርድና ዓይናቸው የተደፈነ በዕቃ ቤቱ ገቡ። ኤዶ ሀሊማን ሥራ አስተማርኳት፤ መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ መጨረሻ ሕመምተኞቹን ታይና ልብሷን ቀይራ ትወጣለች። ቶሎ ገባት። ግን ዕቃ ቤቱን በዘጋች ቁጥር እጇ እጀታው ላይ ይቆይ ነበር። በተለይ አንዲት ወርቂት የምትባል ዳለቻ ድመት ከውስጥ በሩን ስትቧጥጥ ኤዶ ጥላት መሄድ ያቅታት ነበር። «ይህቺ የኔ አይደለችም እኮ» ትለኛለች። የማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም።

ግልገሎቹ አብዛኞቹ አልተረፉም። ትልልቆቹ ግን ቀስ በቀስ መብላት ጀመሩ። ኤዶም ጀመረች። አንድ ማለዳ ስደርስ ላሆህ የሚባለውን ስስ የሶማሊ እንጀራ ጋግራ፣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር አርሳ፣ የወተት ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ተረፍን አልኩ በልቤ።

አስቸጋሪው ጎረቤቱ ነበር። ጋሽ ታደሰ ልብስ ሰፊ ነው። በክረምቱ ረብሻ ወቅት የስፌት መኪናዎቹን በሙሉ አጥቶ፣ ተበድሮ በአንዲት አሮጌ ሲንጀር እንደገና የጀመረ ሰው። ትንሿ ልጁ ራሷ ላይ ጭርት ወጥቶባት ከትምህርት ቤት መልሰዋታል። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ።

«ስሚ አንቺ ልጅ! ሐኪም ነኝ ካልሽ አጥፊልን። አለበለዚያ ዓርብ ከሶላት በፊት መርዝ በሥጋ አድርጌ ልወረውር ነው። ለውሻ የሚሰጠውን አውቀዋለሁ።»

«ጋሽ ታደሰ፣ የልጅቱ ይድናል። ቅባቱን አመጣልዎታለሁ።»

«የልጄን ራስ አይተሽዋል? ሰው ሁሉ ይሸሻታል!» ድምፁ ተሰበረ። ሰው እንዲህ የሚጮኸው ሲደክመው መሆኑን አባቴ ላይ አይቻለሁ። ቅባቱን በዚያው ቀን ወስጄ ለሚስቱ ሰጠሁ። እሱ ግን ቃሉን አላነሳም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ነው ወንዱን ድመት ያየሁት። ዕቃ ቤቱን ስከፍት ሌሎቹ ሁሉ ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። መሬት ላይ፣ በሩ ጥግ፣ ትልቅ ራስ ያለው ግራጫ ድመት አለ። አገጩ በምራቅ ርሷል። ባዶ ግድግዳ እያየ ከሆዱ ውስጥ ያጉረመርማል። መጥረጊያውን ሳስጠጋ አልሸሸም፤ ዘሎ እንጨቱን ነከሰና ተንጠለጠለበት። ጥርሱ ሲሰበር ሰማሁት። አልለቀቀም።

በሩን ዘጋሁ።

«ኤዶ፣ ይህ ከየት መጣ?»

«ሰው ነው በአጥር የወረወረው። ምራቁ ይወርዳል፤ አንቺ ምራቁ የሚወርደውን እዚያ አስገቢ አላልሽኝም? አፉ የቆሰለ መስሎኝ…»

ልክ ናት። ያ ጉንፋን መሰል በሽታ የድመት አፍ ያቆስላል፣ ምራቅ ያዝረበርባል። በዓይን ብቻ ላየው ከእብድ ውሻ በሽታ መጀመሪያ ጋር አንድ ነው።

«ሰው ነክሷል?»

«ማንንም አልነከሰም።»

«እርስዎንስ?»

«አልነከሰኝም አልኩሽ እኮ።»

ስትመልስልኝ ግራ እጇ ጋርባሳሩ ውስጥ ነበር። የቀትር ሶላት ሰዓት ደርሶ ለውዱእ ውኃ ስታነሳ ማንቆርቆሪያውን በቀኟ ብቻ ያዘች፤ ግራ እጇን ስታጥብ ከንፈሯን ነከሰች። ዘከሪያ አላየም። እኔ አየሁ። ሶላቷን እስክትጨርስ ጠብቄ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዓይኗ ወደ አጥሩ ሄደ። ከማዶ የጋሽ ታደሰ የስፌት መኪና ይሽከረከራል። «ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «እሱ ከሰማ ዛሬውኑ ሁሉንም ይገድላቸዋል። አንቺም መግደል አለብኝ ትያለሽ።»

«ኤዶ፣ ይህ በሽታ ከጀመረ በኋላ ማንም አያድንዎትም። እኔም፣ ሐረርም፣ አዲስ አበባም። አሁን ግን ገና ነው። ያሳዩኝ።»

ከዚያ እጇን አወጣች። አውራ ጣቷ ሥር ጥልቅ ሁለት ቀዳዳ፣ ዙሪያው አብጦ ቀልቷል። የድመቱን አፍ በጨርቅ ስትጠርግ ነው የነከሳት። ቀናት አልፈዋል። እያጠብኳት፣ ሳሙናው ሲያቃጥላት ሳይሆን እኔ ሳለቅስ ስታይ ነው እሷ ያለቀሰችው።

የከተማው ጤና ጣቢያ ክትባቱ አልቋል አሉን፤ ምናልባት ሐረር። ሐረር ደግሞ መንገዱ ችግር አለበት። ባቢሌ ላይ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ዘከሪያ ሾፌሮች ጋር ደዋወለ፣ ግማሹ አትሞክር አለው፣ ግማሹ አላውቅም አለው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነሳ። ግራጫውን ድመት ዶክተር ሙስጠፌ በወፍራም የቆዳ ጓንት ይዞ በብረት ሳጥን ወደ ክሊኒኩ ወሰደው። በዚያን ቀን አልሳቀም።

ካራማራን ስንወጣ ጭጋጉ መስተዋቱን ሸፈነው። ከፋፈን ወንዝ ወዲያ ዝናቡ መሬቱን አረንጓዴ አልብሶታል፤ ዳካታ ሸለቆ ላይ እነዚያ አንዱ ባንዱ ላይ የቆሙ ድንጋዮች ርሰው ጠቁረዋል። በሌላ ቀን ሚኒባስ አስቁሜ የማያቸው ናቸው። ኤዶ ሀሊማ ከኋላዬ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ታንቀሳቅሳለች። ጥማት ሲሰማት የውኃ ላስቲክ ስታነሳ ዘከሪያ በመስተዋቱ ጉሮሮዋን ሲያይ አየሁት። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ውኃ መዋጥ እንደማይችል ያውቃል። ዋጠች። እሱም ተነፈሰ።

ባቢሌ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። አንዱ የሚኒባሱን መስኮት በእጁ ይዞ ጎንበስ አለና እያንዳንዳችንን አየ። ዘከሪያን፣ እናቱን፣ እኔን። ማን ከማን ወገን እንደሆንን ሲያሰላ ይታየኛል። ዘከሪያ በኦሮምኛ አናገረው። እሱ በቁጣ መለሰለት። ሌሎቹ ቀረቡ። አንዱ የሚኒባሱን ጎን በዱላው መታ። ከቦርሳዬ ያለውን የሐኪም መታወቂያ ማውጣቱ ይረዳ እንደሆን ወይ ያባብስ እንደሆን መወሰን አቃተኝ።

ያኔ ኤዶ ሀሊማ መስኮቱን ገፋ አድርጋ ያበጠ እጇን አወጣችው። «የእብድ ውሻ በሽታ» አለች በአማርኛ፣ ሁላቸውም እንዲሰሙ። ምን እንደነከሳት አልተናገረችም። የበሽታውን ስም ብቻ። ልጁ እጁን ከመስኮቱ አነሳ። ከኋላ የቆመ በዕድሜ ተለቅ ያለ ሰው ቀርቦ ቁስሉን አየና ራሱ ጎንበስ ብሎ አንዱን ድንጋይ ገፋ። ወጣቶቹ እየተጨቃጨቁም ቢሆን ረዱት። ስናልፍ ማንም አላየንም፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ባቢሌ መሃል ለውዝ የሚሸጡ ሴቶች እንደ ወትሮው ወደ መስኮቱ ሲሮጡ ዘከሪያ አልቆመም።

ሐረር ክትባቱ ነበር። ቁስሏን እንደገና በደንብ አጠቡት፤ ተከታታይ መርፌ ስለሆነ እዚያው እህቷ ቤት መቆየት አለባት አሉ። ለጥንቃቄ እኔንም ወጉኝ። ተራ ስንጠብቅ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነው ያልጠየቅኳትን የነገረችኝ።

«ወርቂት የአስካለ ናት» አለች። አስካለ በግድግዳ የምትዋሰናት፣ ከመሃል አገር የመጣች ነጋዴ ነበረች። ልጆቻቸውን አንድ ላይ አሳድገዋል። «በክረምቱ ጊዜ ማታ ማታ እኔ ቤት ሸሽጌያታለሁ። የወጣች ቀን መኪናው ላይ ሆና ታለቅሳለች። ምን ልያዝልሽ አልኳት። ምንም አለች። ድመትሽን ልያዝልሽ አልኳት። እሷ አላለችኝም እኮ፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያ የሌላው ቤት ድመት መጣ። ያንዷን ይዤ ያንዷን እንዴት ልመልስ? ሰዎቹ ሲመጡ ሁሉንም ይወስዳሉ ብዬ ነበር። አልመጡም።»

እኔ አውቅ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ወርቂት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበረች። ከግራጫው ጋር።

ዘከሪያና እኔ በማግሥቱ ጅግጅጋ ስንመለስ መንገዱ ክፍት ነበር። ዶክተር ሙስጠፌ ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀን። ግራጫው ሞቷል። መጀመሪያ የኋላ እግሩ፣ ከዚያ ሁሉ ነገሩ ሽባ ሆኖ። ለምርመራ ጭንቅላቱን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ በረዶ ፈልገን አሸግን፤ መኪናው መንገድ ላይ ታግቶ ቆይቶ ናሙናው ተበላሸ። በእርግጥ ያ በሽታ ነው ወይ ብትሉኝ ዛሬም የምስክር ወረቀት የለኝም። ሁለታችንም ግን ያየነውን አይተናል።

«ዕቃ ቤት ያሉት ንክሻ አለባቸው» አለኝ ሙስጠፌ። «አይቻቸዋለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ንጹሕ ናቸው፤ ለውሻ የመጣው ክትባት ለድመትም ይሆናል፣ እሰጥሻለሁ። የዕቃ ቤቶቹን ግን ምን ማድረግ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።»

አውቅ ነበር። ስልክ አንስቼ ሐረር ደወልኩ። ኤዶ ሀሊማ ሁሉንም ሰማችኝ።

«ወርቂትስ?»

«አብራቸው ናት። ጆሮዋ ላይ ተነክሳለች።»

የእህቷ ቤት ሬድዮ ከኋላ ይሰማኛል። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። «እኔን አትጠብቂኝ ሆዮ። ከጠበቅሽኝ እለምንሻለሁ። ከለመንኩሽ ደግሞ እሺ ትይኛለሽ። አሁን ሂጂ።»

ስንደርስ የጋሽ ታደሰ ቃል ካለቀበት ቀን ቀድመን ነው፤ ወሬው ግን ቀድሞናል። በሩ ላይ የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበዋል። ጋሽ ታደሰ በፌስታል ሥጋ ይዟል።

«ጋሽ ታደሰ» አልኩት፣ «ያንን ሥጋ ከወረወሩ የበላው ይሮጣል፣ ያልበላው በከፈቱት በር ይወጣል። ከነዚያ አንዷ ሰፈር ውስጥ ብትገባ ከልጆቻችን ማንን እንደምትነክስ ያውቃሉ?»

ዞር ብሎ ወደ ቤቱ አየ።

«ልጨርሰው የመጣሁት እኔ ነኝ። በሩን ይዘው አንድ ነገር እንዳይወጣ ይጠብቁልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

ፌስታሉን ቁልቁል አየው። ከዚያ ቋጥሮ አጠገቡ ለቆመው ሰው ሰጠና «ቅበረው፣ በጥልቁ» አለው። ጀርባውን በሩ ላይ ደግፎ ቆመ።

ዘከሪያ ከብረት በያጆች የተዋሰውን ጓንት አድርጎ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ ያዛቸው፤ እኔ ወጋሁ። መጀመሪያ ማደንዘዣ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ምንም አይሰማቸውም። ይህንን ከዚያ በፊት መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ በዚያን ቀን ለእያንዳንዳቸው ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ወርቂት የመጨረሻዋ ነበረች። ከሌሎቹ ሁሉ የለመደችው እሷ ናትና አልታገለችም፤ ብርድ ልብሱን በእግሯ ደለቅ ደለቅ አድርጋ ተመቻቸች። ዘከሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስንወጣ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሯል። ጋሽ ታደሰ እስከ ወገቡ ገብቶ አፈር ያወጣል። ቀና ብሎ አላየንም። «ውሻ እንዳያወጣው ጠለቅ ማለት አለበት» ብቻ አለ። ኖራና በረኪና አልብሰን ደፈንን። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ማንም አልጠየቀውም። ልጅቱ ግን ከሳምንታት በኋላ የበቀለ ጸጉሯን በአዲስ ሪባን አስራ በአጥሩ ላይ አሳየችኝ።

የኤዶ ሀሊማ ጭንቀት ወራት ፈጀ። ይህ በሽታ ተደብቆ መቆየት ይችላል፤ መርፌው ዘግይቶ እንደሆነ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ራሷን ባመማት ቁጥር ዘከሪያ ይደውልልኝ ነበር። እሷም ይህን ስላወቀች ማለዳ ማለዳ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ልጇ ፊት ትቆማለች፣ ጭልጥ አድርጋ ትጠጣለች፣ ብርጭቆውን ገልብጣ ታሳየዋለች። የተከተቡትን ድመቶች አንድም አዲስ ሳናስገባ በዚያ መጋዘን ጠበቅናቸው። በሽታው ሲጠፋ ዘከሪያ በሚኒባሱ እየጫነ ቀብሪበያ ላሉ የእህል ነጋዴዎች አደላቸው፤ አይጥ ያስቸገራቸው ስለሆኑ በደስታ ወሰዱ።

አስካለ በተከታዩ ዓመት ቤቷን ልታይ መጣች። ኤዶ ሀሊማ ስለ ወርቂት ልትነግራት ቃል ስትፈልግ ቆይታለች፤ እኔንም ጠርታኛለች፣ ከከበዳት እንድናገርላት። አላስፈለገም። አስካለ ከዘከሪያ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ገብታ ሰላም እንኳ ሳትል «እጅሽን አሳዪኝ» አለቻት። ኤዶ ሰጠቻት። አስካለ ጠባሳውን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ኤዶም እንባዋን በጋርባሳሯ ጫፍ እየጠረገች፣ ሁለቱም ስለ ድመት አንድ ቃል ሳይናገሩ ተቀመጡ። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ኤዶ ሀሊማ ዛሬም በሕይወት አለች፤ የልጅ ልጆቿ ግቢውን ሞልተውታል። እንደዚያ ያለ ቤት ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ገጥሞኛል፣ በጅግጅጋም በሌላም ከተማ። ሁልጊዜ ጎረቤት ተናዶ ይደውላል፣ ሁልጊዜ ሽታው በር ላይ ይቀበለኛል፣ ውስጥም ያው ማስነጠስ፣ ያው የተደፈነ ዓይን አለ። በሽታውን ማከም ተምሬያለሁ፤ ክትባቱም አሁን ከድሮው ይሻላል። ግን ጓንቴን ከማድረጌ በፊት፣ ስንት ድመት እንዳለ ከመጠየቄም በፊት፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ጨለማው ውስጥ ጨርቅ ይዞ ከተቀመጠው ሰው አጠገብ ጎንበስ እላለሁ፤ ከዚህ ቤት የሄደው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ።